በደብረ ብርሃን ብርድ የሽንት ጨርቅ ያዋጣል ወይ?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የመጀመሪያ ልጄን ኅዳር መጨረሻ ላይ እጠብቃለሁ። ባለቤቴ በዳይፐር እናሳድገው ይላል፤ እናቴ ደግሞ አንቺንም ወንድሞችሽንም ያሳደግኳችሁ በጨርቅ ነው ትላለች። ቧንቧችን የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ማጠቢያ ማሽን የለንም። በዚህ ብርድ ጨርቁ ይደርቃል? ስንት ያስፈልገኛል? የልጁን ቆዳስ አያቃጥለውም?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ በሰላም ያገላግልሽ። መልሱን ከፊት ላስቀምጠው፦ ያዋጣል። የእናትሽን ምክር ዋናው አድርጊው፣ የባለቤትሽን ደግሞ ለጥቂት ሌሊትና ለመንገድ አስቀምጪው። ደጋ ላይ ጨርቅ ጀምረው የሚተዉ ቤተሰቦች በብዛት የሚረቱት ማድረቂያው ገመድ ላይ ነው። ትናንት የታጠበው ዛሬም እርጥብ ነው፤ የዛሬው ይጨመርበታል፤ በሦስተኛው ቀን ንጹሕ ጨርቅ ያልቅና ሰው ተናዶ ወደ ሱቅ ይሮጣል። ስለዚህ ከምን ይሠራ፣ ስንት ይሁን፣ እንዴት ይታጠፍ የሚለው ሁሉ «በስንት ሰዓት ይደርቃል?» ከሚለው ይነሣ።

ኅዳር መውለድሽ ጥሩ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ቢሆንም ቀኑ ፀሐይና ነፋስ ነው፤ አየሩም ደረቅ ስለሆነ ሳሳ ያለ ጨርቅ ጠዋት ተሰጥቶ ከሰዓት ይነሣል። ሕፃን ብዙ ጨርቅ የሚጨርስበት የመጀመሪያው ሁለት ሦስት ወር ከዚህ ወቅት ጋር ይገጥምልሻል። ክረምቱ ሲገባ ልጅሽ ሰባት ስምንት ወር ይሆነዋል፤ በቀን የሚቀየርለት ይቀንሳል፣ የሚደርቅበት ጊዜ ግን ይረዝማል።

ከምን ይሠራ

እኔ የምመክርሽ ባለ አራት ማዕዘን ነጠላ ጨርቅ ነው፤ አቡጀዲ፣ ሳሳ ያለ ሻሽ ወይም ያረጀ ነጠላ። በስፌት ተደራርቦ የተሠራ ወፍራም የሽንት ጨርቅ ለእጅ ምቹ ነው፤ አጥፎ መድከም የለበትም። ነገር ግን ስምንት ድርብ ሆኖ የተሰፋ ጨርቅ መሐሉ አይደርቅም፤ ሐምሌ ላይ ሁለት ቀን ገመድ ላይ ውሎ ሲነካ ደረቅ ይመስላል፣ ስትጨምቂው ግን ልቡ እርጥብ ነው። ባለ አራት ማዕዘኑ ሲለበስ አሥራ ሁለት ድርብ ይሆናል፣ ሲሰጣ ደግሞ ተገልጦ አንድ ሽፋን ብቻ ነው። ለደጋ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ጨርቅ ስትገዢ ጥጥ መሆኑን አረጋግጪ። ከጫፉ አንድ ክር መዝዘሽ በክብሪት ለኩሺው፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ይነድና አመዱ በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ያለበት ይቀልጥና ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይሠራል፤ እሱን መልሺው፣ ሽንት አይጠጣም።

አዲስ አቡጀዲ ሱቅ ላይ ደረቅ ብሎ የሚቆመው ለሽመናው ስታርች ስለተቀባ ነው፤ ጥጡም የራሱ ሰም መሰል ቅባት አለው። በዚህ ሁኔታ ለልጅ ብታለብሺው ሽንቱ ላዩ ላይ ተንሸራቶ በጭኑ ይወጣል፤ ብዙ ሰው «ጨርቅ ያፈሳል» የሚለው ይህን አይቶ ነው። ከመቁረጥሽ በፊት በዱቄት ሳሙና ግማሽ ሰዓት ቀቅዪው፤ ውኃው ደፍርሶ ቢጫ ሲል ታያለሽ። አለቅልቀሽ አድርቂው፤ ይህን ሦስት ጊዜ ድገሚው። ከዚያ ዘርግተሽ አንድ ጠብታ ውኃ ጣይበት። ጠብታው ክብ ሆኖ ከተቀመጠ ገና ነው፤ እንደወደቀ ሰርጎ ከጠፋ ለሥራ ደርሷል። ያረጀ ነጠላ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ ማጉ እጅ ፈትል ስለሆነ ልስልስ ነው፣ ከመጀመሪያው ቀን ይጠጣል። ጥለቱን ግን ቁረጪው፤ ይቆረቁራል።

መጠኑ ተቀቅሎ ከተሸበሸበ በኋላ 70 በ70 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ሠላሳ ለማውጣት የአቡጀዲው ስፋት 150 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 11 ሜትር ተኩል ይበቃል፣ ጎን ለጎን ሁለት ስለሚወጣ። ስፋቱ 90 ከሆነ ግን በአንድ ረድፍ አንድ ብቻ ነው፤ ወደ 23 ሜትር ትፈልጊያለሽ፣ በየጎኑ የሚተርፈው ቁራጭም ለመጥረጊያ ይሆናል። ሻጩን ስፋቱን ሳትጠይቂ ዋጋ አትደራደሪ። ጠርዙን ልብስ ሰፊ በቀጭኑ አጥፎ ይስፋልሽ፤ ወፍራም ጠርዝ የሚደርቀው ከሁሉም ኋላ ነው።

ስንት

አራስ ልጅ በቀን ከ10 እስከ 12 ጊዜ ይቀየርለታል። በየቀኑ ካጠብሽ 12 ልጁ ላይ፣ 12 ገመድ ላይ፣ 6 መጠባበቂያ፤ ሠላሳ። ክረምት ላይ በቀን 7 ይበቃዋል፣ ነገር ግን አንዱ ጨርቅ ታጥቦ እስኪመለስ ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ሰባት በአራት ቀን 28 ነው፤ ያው ሠላሳ። በዚህ ምክንያት ከሠላሳ በታች አትጀምሪ፤ ከ36 በላይም ብር ማባከን ነው። ለሌሊት የሚደረብ ስድስት ቁራጭ ፎጣ ጨምሪ፣ አንድ ስንዝር ተኩል በግማሽ ስንዝር የሚሆን።

በላዩ የሚለበሰው ውኃ የማያሳልፍ ሱሪ አምስት ወይም ስድስት ይበቃል። እሱ በየጊዜው አይታጠብም፤ ካካ ካልነካው ውስጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገሽ ነፋስ አስመትተሽ ሦስት አራት ጊዜ ትመልሺዋለሽ። አይቀቀልም፣ በረኪና አይነካውም፤ ፕላስቲክ ልባጡ ይሰነጠቃል። ስትገዢ የጭኑን ላስቲክ ሳቢው። ልጁ ጭን ላይ ቀይ መስመር የሚተው ላስቲክ ጠብቋል፤ ጣትሽ በቀላሉ ሾልኮ የሚገባበት ደግሞ ላልቷል፣ ሽንቱን ያሳልፋል።

ኪስ ያለው፣ ውስጡ የሚቀያየር ዝግጁ የሽንት ጨርቅም ገበያ ላይ ታገኛለሽ። ጥሩ ነው፤ ግን በኪሱ የሚገባው ብዙ ጊዜ ማይክሮፋይበር የሚባል ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው። ማይክሮፋይበር ቶሎ ይጠጣል፣ ሲጨመቅ ደግሞ እንደ ስፖንጅ መልሶ ይለቃል። እኛ ልጅ እናዝላለን። በአንቀልባ ወይም በነጠላ ጠብቆ የታዘለ ልጅ መቀመጫው ጀርባሽ ላይ ይጫናል፣ ሽንቱም በጭኑ ወጥቶ ወገብሽን ያረጥባል። ከገዛሽም የኪሱን ውስጥ በአቡጀዲ እጥፋት ተኪው፤ ጥጥ ሲጫኑት የያዘውን አጥብቆ ይይዛል። ማይክሮፋይበር በቀጥታ ቆዳ አይንካ፤ ቆዳውንም አብሮ ያደርቀዋል።

አጣጠፉ

ጨርቁን ዘርጊ። ለሁለት እጠፊው፣ እንደገና ለሁለት፤ 35 በ35 የሆነ፣ አራት ድርብ ያለው ካሬ ይወጣልሻል። እሱን ወደ ርዝመቱ ለሦስት እጠፊው፤ ወርዱ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አሥራ ሁለት ድርብ ንጣፍ ነው። ለአራስ ልጅ ስለሚረዝም ትርፉን አጥፊ፤ ለወንድ ልጅ ወደ ፊት፣ ለሴት ልጅ ወደ መሐልና ወደ ኋላ፤ ሽንቱ የሚያርፍበት እዚያ ነው። በሱሪው ውስጥ አስቀምጪና አልብሺ። እትብቱ እስኪወድቅ የፊቱን ጠርዝ ወደ ውጭ አጥፈሽ ከእትብቱ በታች አቁሚው፤ እርጥበት እንዳይነካው።

ሱሪ ከሌለሽ አንዱን ጨርቅ በሰያፍ ሦስት ማዕዘን አጥፈሽ ንጣፉን መሐሉ ላይ አኑሪ፤ ሁለቱን ክንፍ ሆዱ ላይ አምጥተሽ በመርፌ ቁልፍ ያዥው። መርፌውን ስትወጊ የሌላኛው እጅሽ ሁለት ጣቶች በጨርቁና በልጁ ሆድ መካከል ይግቡ። ጫፉ ወደ ጎን ይሂድ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አይሁን። ሆዱ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ልቅነት ተይ፤ ሕፃን ሲጠባ ሆዱ ይነፋል። እግሩን ግን አቅንተሽ አታስሪው፤ ጉልበቱ ታጥፎ፣ ጭኑ ከፈት ብሎ ይተኛ። ቀጥ ተደርጎ የተጠቀለለ እግር የዳሌውን መገጣጠሚያ ሊጎዳው ይችላል።

እጥበቱና ውኃው

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀን የሚወጣው ካካ እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚጣበቅ ነው። ለእሱ ያረጀ ጨርቅ አዘጋጂና ጣዪው፤ አዲሶቹን አታበላሺባቸው። ከዚያ በኋላ ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ካካው ቢጫና ቀጭን ነው፤ ውኃ ውስጥ ይሟሟል። «የሕፃን ካካ አይከፋም» የሚባለው ስሕተት ነው። እንደ ትልቅ ሰው ሰገራ ተቅማጥ የሚያመጡ ተሕዋስያንን ይይዛል። መጀመሪያ ያለቀለቅሽበት ውኃ መጸዳጃ ቤት ይፈሳል፤ ምንጭና ወንዝ አጠገብ አይታጠብ፣ አትክልት ላይም አይደፋ። ከእያንዳንዱ ቅያሪ በኋላ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፤ የልጁንም እጅ፣ ከነካ።

እጥበቱ በቀን አንድ ጊዜ ይሁን፤ ሁለት ቀን ማቆየት ይቻላል፣ ከዚያ በላይ ግን ሽንቱ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፣ እድፉም ይይዛል። የተነሣውን ጨርቅ እስከዚያ ድረስ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ በደረቁ አስቀምጪው። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር የድሮ ልማድ ነው፤ ለባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል፣ ለሚድኽ ልጅም ውኃ ያለበት ባልዲ የመስጠም አደጋ ነው።

ለ12 ጨርቅ እንዲህ ታደርጊያለሽ። ካካውን መጸዳጃ ቤት አራግፊ። በ10 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቀሽ ጭመቂ፤ ቀዝቃዛ የሚሆንበት ምክንያት ሙቅ ውኃ እድፉን ስለሚያጸናው ነው። ቀጥሎ እጅ የሚችለው ያህል በሞቀ 10 ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተኩል የዱቄት ሳሙና በትነሽ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እሺ። ሁለት ጊዜ በ10 በ10 ሊትር አለቅልቂ። የመጨረሻው ማለቅለቂያ አረፋ ካለው ሳሙናው አልወጣም፤ አንድ ጊዜ ጨምሪ። በጠቅላላው 40 ሊትር፣ ሁለት ጀሪካን ነው። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውኃ ንጹሕ ስለሆነ አትድፊው፤ ለነገው የመጀመሪያ ማለቅለቂያ ይሆናል፣ ፍጆታሽም ወደ 30 ሊትር ይወርዳል። በሳምንት 210 ሊትር ነው፤ አንድ በርሜልና ጥቂት። ቧንቧው በመጣ ቁጥር 105 ሊትር ገደማ ለጨርቁ ብቻ ለዪ። ይህን ማድረግ የማትችዪበት ቤት ከሆነ ጨርቅ አትጀምሪ፤ ለመጠጥና ለእጅ መታጠቢያ የሚሆነውን ውኃ ጨርቅ ሊሻማው አይገባም።

የማለስለሻ ፈሳሽ ፈጽሞ አትጠቀሚ፤ ጨርቁን በቅባት ይሸፍነዋል፣ ሽንት መጠጣት ያቆማል። ደረቅ የልብስ ሳሙናም ውኃው ጠንከር ያለ፣ ማዕድን የበዛበት ከሆነ ግራጫ ቅሪት ይተዋል፤ ጨርቅሽ ደርቆ እንደ ካርቶን ከቆመ ወይም ልጁ እንደሸና ወዲያው የሚሰነፍጥ ሽታ ከመጣ ምክንያቱ ይህ ነው። መድኃኒቱ ያለ ሳሙና በሙቅ ውኃ አረፋው እስኪያልቅ ደጋግሞ ማለቅለቅ ነው።

መቀቀልን በተመለከተ በሳምንት አንድ ጊዜ ለአሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ልጁ ሲቀምጥ ወይም ቆዳው ላይ ፈንገስ ሲይዘው ደግሞ በየእጥበቱ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው 100 ሳይደርስ ወደ 91 ዲግሪ ላይ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ከበቂ በላይ ነው። በየቀኑ መቀቀል ኩበትና ከሰል ይጨርሳል፣ ጨርቁንም ያሳሳዋል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የመንግሥት ጥናት አንድን ልጅ ለሁለት ዓመት ተኩል በዳይፐር ማሳደግ 550 ኪሎ ግራም ገደማ፣ በጨርቅ ማሳደግ 570 ኪሎ ግራም ገደማ የካርቦን ልቀት እንዳለው አስልቶ ነበር። ልዩነት የጠፋው ጨርቁ በማሽን በሙቅ ውኃ ታጥቦ በከፊልም በኤሌክትሪክ ስለሚደርቅ ነው፤ በገመድ ያደረቀና ለሁለተኛ ልጅ ያዋለው ሰው ልቀቱ በብዙ ቀንሶ ተገኝቷል። ያንቺ ፀሐይ በነፃ ነው፤ እሳቱን ብቻ ቆጥቢ።

በረኪና በወር አንድ ጊዜ፣ ከዚያ አይብለጥ። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ ለ10 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ለግማሽ ሰዓት፤ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ማለቅለቅ። ሽንት ባለበት ጨርቅ ላይ በረኪና አታፍሺ፤ ከአሞኒያው ጋር ተዋሕዶ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። ከአቼቶም ጋር አይገናኝ።

ማድረቅ

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምረሽ አስጪ፤ ከሰዓት 10 ሰዓት ሳይሞላ አንሺ። ከዚያ በኋላ ያለው አየር ያደረቅሽውን መልሶ ያረጥበዋል። ገመዱን ነፋስ በሚያልፍበት አቅጣጫ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርገሽ ዘርጊ፤ ጨርቁን በአንድ ጠርዙ ብቻ በመቆንጠጫ ያዢው እንጂ በገመዱ ላይ አጥፈሽ አትጣዪው፣ የታጠፈው ለሁለት እጥፍ ጊዜ ይቆያል። ቢጫ እድፍ ካልለቀቀ እርጥቡን በቀጥታ ፀሐይ ላይ ዘርጊው፤ የደጋ ፀሐይ በሁለት ቀን ያነጣዋል። ውጭ አድሮ ውርጭ ካደረቀው አትስበሪው፤ እስኪላላ ጠብቂ፣ ክሩ ሲቀዘቅዝ ይሰበራል።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲያቋርጥ እያወጣሽ፣ ሲመጣ እያስገባሽ መድከም አይቀርም። በረንዳ ካለሽ ገመዱን እዚያ አድርጊው። ከማስጣትሽ በፊት ጨርቁን በደረቅ ፎጣ ጠቅልለሽ ርገጪው፤ በእጅ መጭመቅ የማያወጣውን ውኃ ያወጣል፣ የግማሽ ቀን ጊዜ ይቆጥብልሻል። ጨርሶ ያልደረቀውን ካውያ ያጨርሰዋል።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ልጁ በተኛበት ክፍል በርና መስኮት ዘግተሽ ጨርቅ በከሰል ምድጃ ላይ አታድርቂ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ እናትንም ልጅንም በእንቅልፍ ይዞ ይሄዳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አራስ ቤት ከሰል ማስገባት ልማድ ስለሆነ ነው ደግሜ የምጽፍልሽ። ጨርቅ ማሞቅ ከፈለግሽ በሙቅ ውኃ የሞላ ላስቲክ ከረጢት ወይም ጀሪካን ላይ ጥቂት አኑረሽ ሞቅ ሲል አልብሺው። ሌሊት ቀዝቃዛ ጨርቅ አራስን ያስደነግጠዋል፤ ረጥቦ የቆየ ጨርቅ ደግሞ የሰውነቱን ሙቀት ይወስድበታል።

ቆዳው

ጨርቅ በራሱ አያቃጥልም፤ የሚያቃጥለው ቆይታ ነው። ሽንት ሲቆይ በባክቴሪያ ተሰባብሮ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያው የቆዳውን አሲድነት ያጠፋል፤ ያን ጊዜ በካካ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ነቅተው የቆዳውን ላይ ይበሉታል። ዳይፐር ውስጥ ያለው ዱቄት ሽንቱን ጠጥቶ እንደ ጄል ስለሚያደርገው ቆዳው ደረቅ ይቆያል፤ ይህን ብልጫውን መካድ አይገባም። ጨርቅ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ስለዚህ ቀን ላይ በየሁለት ሰዓቱ፣ ካካ ከሆነ ወዲያው ቀይሪ። በጎ ጎኑ ደግሞ እርጥብ መሆኑ በእጅ ይታወቃል። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ቢያንስ ስድስት እርጥብ ጨርቅ ከቆጠርሽ ጡትሽ ይበቃዋል ማለት ነው፤ ከዚያ ካነሰ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ዳይፐር ላይ ይህን መቁጠር ይቸግራል።

ስትቀይሪ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ጥረጊ፣ ከፊት ወደ ኋላ፤ ሳታሺ እየተጫንሽ አድርቂ። ቀን ላይ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ አሥር ደቂቃ ያህል ራቁቱን ይንፈስበት። ቀላ ካለ ዚንክ ኦክሳይድ ያለው ቅባት ወይም ቫዝሊን በስሱ ቀቢው፤ በቅባቱና በጨርቁ መካከል የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አኑሪ፣ አለዚያ ጨርቁ ቅባት ይዞ መጠጣት ይተዋል። ቅቤ እዚያ ቦታ ላይ አይቀባ፤ ፓውደርም አይነስነስ፣ ልጁ ይተነፍሰዋል።

መቅላቱ በሦስት ቀን ካልተሻለው፣ በተለይ ብሽሽቱ እጥፋት ውስጥ ገብቶ ደማቅ ቀይ ከሆነና በዙሪያው ትንንሽ ቀይ ነጠብጣብ ከበተነ፣ ፈንገስ ነው፤ የሐኪም ቅባት ይፈልጋል። ውኃ የቋጠረ፣ መግል ያለበት ወይም ትኩሳት የጨመረ ከሆነ የዚያኑ ቀን ሂጂ።

ዳይፐሩ የሚገባበት ቦታ

ለባለቤትሽ ይህን ስሌት አሳዪው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በቀን 9፣ ቀጣዮቹ አሥር ወራት በቀን 6፣ ከዚያ እስከ ሁለት ዓመት ተኩል በቀን 5 ቢሆን፦ 540 ሲደመር 1,800 ሲደመር 2,700፤ 5,040 ዳይፐር። የአንዱን የዛሬ ዋጋ ያባዛበት፣ ከአቡጀዲው፣ ከሱሪዎቹና ከሳሙናው ጋር ያስተያየው። አራስ ሊጠይቁ የሚመጡ ዘመዶች ምን እናምጣ ካሉሽም አንድ ሁለት ሜትር አቡጀዲ በያቸው።

ይሁንና ጥቂት ዳይፐር ቤት ውስጥ ይኑር። ለክርስትና፣ በአርባው ወይም በሰማንያው ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን ለረጅም ሰዓት ስትቆዪ፤ አዲስ አበባ ስትወርጂ፤ ልጁ ሲቀምጥና ጨርቁ ሲያልቅ፤ ክረምት ላይ ሦስት ቀን ፀሐይ ሳይወጣ ሲቀር። የመጀመሪያው ሳምንትም፣ ቤት ውስጥ የሚያጥብልሽ ሰው ከሌለ፤ አራስ ተነሥታ በቀዝቃዛ ውኃ ልብስ ማጠብ የለባትም። የተጠቀምሽበትን ዳይፐር ካካውን መጸዳጃ ቤት አራግፈሽ፣ ጠቅልለሽ ወደ ማዘጋጃ ቤት ቆሻሻ ጣዪው። ጉድጓድ ውስጥ ከገባ አይበሰብስም፣ ጉድጓዱን ይሞላዋል፤ ግቢ ውስጥ ካቃጠልሽው ጭሱ የፕላስቲክ ነው፤ አጥር ስር ካደረ ውሻ ይጎትተዋል።

ለሌሊቱ፦ ሁለት ጨርቅ ደራርበሽ ከፎጣው ቁራጭ ጋር አድርጊ፣ በላዩ ሱሪውን። ከአንሶላው ስር የታጠፈ የመንዝ ባና ብታነጥፊ ፍራሹን ያድንልሻል፤ ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ ያህል እርጥበት ይዞም ሲነካ ደረቅ ነው። ሻካራ ስለሆነ ግን የልጁን ቆዳ አይንካ።

ምግብ ከጀመረ በኋላ፣ ከስድስት ወር ወዲህ፣ ካካው ይጠነክራል፤ መጸዳጃ ቤት ይራገፋል እንጂ አይሟሟም፣ ስለዚህ ንጣፉ ላይ ረዘም ያለ የነጠላ ቁራጭ ደርቢበት፣ እሱን ብቻ አንሥተሽ ታራግፊያለሽ። በዚያው ጊዜ እናትሽ የምታውቀውን ማሸናት ጀምሪ። ከእንቅልፉ እንደነቃና ጠብቶ አሥር ደቂቃ እንዳለፈ ከጉልበቱ ስር ደግፈሽ ፖፖ ላይ ያዢው፤ «ሽሽሽ» በዪው። መጀመሪያ አይሆንም፤ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ የጠዋቱን ሽንት ብዙ ጊዜ ትይዢዋለሽ። በቀን ሁለት ጨርቅ ከቀነሰ ሐምሌ ላይ ገመድሽ ይተነፍሳል።